የቶማስ ናስት ካርቱኖችና የትዊድ ቡድን፦ «የሕዝቡን ገንዘብ ማን ሰረቀ?» እንዴት ይነበባል?

ፋኖስ
ሰላም ለሁላችሁ። በ1871 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ናስት በሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ላይ የኒው ዮርክን ከተማ ሹማምንት ያጋለጠባቸው ካርቱኖች በየቦታው ይለጠፋሉ፤ ማብራሪያ ግን አብሯቸው አይመጣም። በተለይ ሰዎች ክብ ሠርተው አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን የሚቀስርበት። እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥዕል በየሳምንቱ በምን ዘዴ ይታተም ነበር? «ትዊድን የጣለው ሥዕሉ ነው» የሚባለውስ ያስኬዳል? ኦሪጅናል ተብሎ የሚሸጠውን መለየት የሚችል ካለም ይጨምርበት።

መዝገብ ቤት
ከሰዎቹ ልጀምር። ከፊት የቆሙት አራቱ ዋናዎቹ ናቸው። ቦርጩ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ዊሊያም ትዊድ ነው፤ ታማኒ ሆል የተባለው የዴሞክራቶች ድርጅት አለቃ፣ የክፍለ ግዛቱ ሴናተር፣ ከ1870 ጀምሮ ደግሞ የከተማው የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ። ጸጉሩ የጎፈረው ፒተር ስዊኒ ነው። ሪቻርድ ኮኖሊ የከተማው የሒሳብ ሹም፣ ባለ መነጽሩ ኦኪ ሆል ከንቲባው። ከኋላ ያሉት ሥራ ተቋራጮች ናቸው። የእነሱን መልክ የሚያውቅ አንባቢ ስላልነበረ ናስት የሚያቀርቡትን ዕቃ ልብሳቸውና ኮፍያቸው ላይ ጽፎባቸዋል፤ ወንበር፣ የጋዝ ቧንቧ እያለ።

ከሥሩ ያለው ጽሑፍም ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም። «ማን ሰረቀ?» ብሎ የሚጠይቀው ኒው ዮርክ ታይምስ ነው፤ የጋዜጣው ስም እዚያው ሰፍሯል። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «እሱ ነው!»

ክቡ ለቀልድ ብቻ የተሣለ እንዳይመስላችሁ። የሒሳቡ ወረቀት የሄደበት መንገድ ራሱ ነው። በ1870 የወጣው አዲስ የከተማ ቻርተር ሦስት ሰው ያለው የሒሳብ አጽዳቂ ቦርድ አቋቋመ፦ ከንቲባው ሆል፣ ሹሙ ኮኖሊ፣ ትዊድ። አንድ ተቋራጭ ያቀረበው ሰነድ ገንዘብ የሚሆነው የእነዚህ ፊርማ ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ማንኛቸውም ሲጠየቁ «እኔ የፈረምኩት እሱ ስለፈረመ ነው» ማለት ይችላሉ። ሆል ፍርድ ቤት ቀርቦ የተከራከረው በዚሁ ነበር፤ ፊርማዬ የሥርዓት ጉዳይ ነው፣ ዝርዝሩን የመመርመር ግዴታ የለብኝም አለ። በነፃም ተለቀቀ። ናስት በኦገስት የሣለው ክርክር ፍርድ ቤት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የስርቆቱ አሠራር ደግሞ ቀላል ነው። ተቋራጩ 35 ዶላር የሚያወጣ ሥራ ሠርቶ የ100 ዶላር ደረሰኝ እንዲያቀርብ ይነገረዋል። ከተማው 100 ይከፍላል፤ 65ቱ ወደ ቡድኑ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ድርሻቸው ከዚህ ያነሰ ነበር፣ እየቆየ ነው ያደገው። ትልቁ ቀዳዳ በቼምበርስ ጎዳና 52 ቁጥር የሚገኘው የካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንፃ ነው፤ እስከ ዛሬ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ቆሟል። በ1858 የተፈቀደለት 250 ሺህ ዶላር ሲሆን የጨረሰው ከ12 ሚሊዮን በላይ ነው። አላስካ በ1867 ከሩሲያ የተገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን አስቡ። ታይምስ ካወጣቸው ሒሳቦች ጥቂቱን ልጥቀስ፦ ለ3 ጠረጴዛና ለ40 ወንበር 179,729 ዶላር፣ ለ11 ቴርሞሜትር 7,500 ዶላር፣ ለአንድ ለሳኝ የሁለት ቀን ሥራ 133,187 ዶላር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለእነዚህ ሰዎች ስድብ ሳይሆን መመሪያ ነበር።

እንጨትና ቀለም
የኅትመቱን ነገር እኔ ልያዘው። ብዙ ሰው በብዕር የተሣለ ይመስለዋል፤ አይደለም። በ1871 የሃርፐርስ ሥዕሎች በእንጨት ላይ የሚቀረፁ ናቸው።

እንጨቱ ቦክስውድ ይባላል፤ ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ እጅግ ጠጣር ዛፍ ነው። የሚቆረጠው እንደ ሳንቃ በቁመቱ ሳይሆን እንደ ሥጋ ቤት መክተፊያ ግንድ በአግድሙ ነው፤ ያኔ ቡሪን የሚባለው ሹል ብረት በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ችግሩ የዛፉ ግንድ ቀጭን ስለሆነ ከአንዱ የሚወጣው ቁራጭ ትንሽ ነው። ለሙሉ ገጽ ሥዕል በርካታ ቁራጮች ተገጥመው ከኋላ በብሎን ይታሰራሉ። ውፍረታቸው ከማተሚያ ፊደሉ ቁመት ጋር እኩል መሆን አለበት፣ 23.3 ሚሊሜትር ገደማ። እኩል ካልሆነ ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ አብረው አይታተሙም።

ቀጥሎ የእንጨቱ ፊት በስሱ ነጭ ቀለም ይቀባል። ናስት በዚያ ላይ በእርሳስ ይሥላል፣ ያውም ተገልብጦ፤ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ጽሑፍ ካለውም ፊደሉ ተገልብጦ። ከዚያ ብሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለተለያዩ ቀራፂዎች ይከፋፈላሉ። ከመከፋፈላቸው በፊት ዋናው ቀራፂ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያልፉትን መስመሮች ራሱ ይቀርፃል፤ አለዚያ የአንዱ ሰው መስመር ከሌላው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ቀራፂው የሚያነሳው ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ቦታ ነው። ጥቁሩ መስመር ቆሞ የቀረው እንጨት ነው።

የናስት ሥራ ቀራፂን የሚያስለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ናስት ጥላ የሚሠራው መስመርን በመስመር ላይ እያጣላለፈ ነው። በእርሳስ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ቀራፂው ግን በተጣላፉት መስመሮች መካከል ያለችውን እያንዳንዷን የአልማዝ ቅርጽ ያላት ነጭ ቀዳዳ አንድ በአንድ ፈልፍሎ ያወጣል። የትዊድን ኮት ጥቁር ክፍል ትኩር ብላችሁ እዩት፤ የነዚያ ነጭ ነጥቦች ብዛት የሰው ድካም ነው።

ተቀርፆ ሲያልቅ ቁራጮቹ እንደገና ይታሰራሉ፣ ሙከራ ይታተማል። ስህተት ከተገኘ በላጲስ የሚጠፋ ነገር የለም። ቦታው ይበሳና አዲስ የእንጨት ውታፍ ተመትቶበት እንደገና ይቀረፃል። እንጨቱ ራሱ ማተሚያው ላይ አይወጣም፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቅጂ ይጨርሰዋል። ኤሌክትሮታይፕ ይሠራለታል፤ እንጨቱ ሰም ላይ ተጭኖ ቅርጹን ይተዋል፣ ሰሙ ላይ ግራፋይት ይነሰነሳል፣ የመዳብ ጨው በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ስስ የመዳብ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ከኋላው የቀለጠ የእርሳስ ብረት ፈሶበት ሰሌዳ ላይ ይመታል። የሚታተመው በዚህ ነው።

ፋኖስ
እንጨትና ቀለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንዳንዱ ሥዕል መሐል ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ቅጂው ተበላሽቶ ነው ወይስ ያልከው መገጣጠሚያ?

እንጨትና ቀለም
መገጣጠሚያው ነው። ብሎኑ ትንሽ ሲላላ ወይም እንጨቱ በአየሩ ድርቀት ሲሸሽ ክፍተቱ ቀለም አይዝም፣ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰማይ ወይም ባዶ ግድግዳ ባለበት ቦታ ወዲያው ይታያል። በተቃራኒው ጥላው በጣም የጠበቀበት ቦታ ቀለሙ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ያ የማተሚያው ስህተት ነው እንጂ ናስት የፈለገው አይደለም።

ቀን ቆጣሪ
ስለ ቀኖቹ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሃርፐርስ ዊክሊ ሽፋን ላይ የሚታተመው ቀን ቅዳሜ ነው፤ መጽሔቱ ግን ለሽያጭ የሚቀርበው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ታሪኩ ይገለበጥበታል። «የታማኒ ነብር ተለቀቀ» የተባለው ባለ ሁለት ገጽ ሥዕል ኖቬምበር 11 ቀን 1871 ይላል፤ ምርጫው ኖቬምበር 7 ነበር። ቀኑን ብቻ ያየ «ከምርጫው በኋላ ወጣ» ይላል። መራጩ ግን ድምፅ ከመስጠቱ በፊት አይቶታል፤ የተሣለውም ለዚያ ነው።

ዋና ዋናዎቹ በሽፋኑ ቀን፦ ጁን 10 «ከአውራ ጣት ሥር»፣ ኦገስት 19 «የሕዝቡን ገንዘብ ማን ሰረቀ?»፣ ሴፕቴምበር 23 ማዕበሉ እስኪያልፍ የተጠለሉት ጥንብ አንሳዎች፣ ኦክቶበር 7 ትዊድ የምርጫ ሣጥን ተደግፎ «ድምፁን የምቆጥረው እኔ እስከሆንኩ ምን ታመጣላችሁ?» የሚልበት፣ ኦክቶበር 21 ጭንቅላቱ የገንዘብ ከረጢት የሆነው፣ ኖቬምበር 25 ደግሞ ከምርጫው በኋላ ፍርስራሹ።

ሌላው፣ የኦገስት 19ኙ ሥዕል ለብቻው የወጣ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ከላይና ከታች ሁለት ሥዕል አለ፤ የክቡ የታችኛው ነው። የላይኛው የወንበር አቅራቢውን የኢንገርሶልን «ሸሪኮች» ማንነት ይጠይቃል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ከግማሹ የተቆረጠ ስለሆነ ጥያቄው ሁለት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የአራዳ ልጅ
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ዋናውን ነገር አትሸሹ። ትዊድ ራሱ «ጋዜጣው ቢጽፍ አይሞቀኝ አይበርደኝም፣ ሰዎቼ ማንበብ አይችሉም፤ እነዚያን ሥዕሎች ግን ከማየት የሚያግዳቸው የለም» ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? የመጽሔቱ ሽያጭም በዘመቻው ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆኗል ይባላል። ለናስት «አውሮፓ ሄደህ ሥዕል ተማር» ተብሎ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የቀረበለት ለቀልድ ነው?

መዝገብ ቤት
ወንድሜ የአራዳ ልጅ፣ ንግግሩ ያምራል፤ በዕለቱ የተጻፈ መዝገብ ግን የለውም። በኋላ በተጻፉ ታሪኮች የመጣ ነው፣ ቃሉም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። የግማሽ ሚሊዮኑም ታሪክ ምንጩ ናስት ራሱ የተረከለት ወገን ነው። «ይባላል» ብለህ ጥቀሰው እንጂ ማስረጃ አታድርገው።

ቅደም ተከተሉን ተመልከት። ናስት ትዊድን መንካት የጀመረው ከ1871 ቀደም ብሎ ነው፤ ትዊድ ግን አልተነቃነቀም። የተለወጠው ሒሳቡ ሲወጣ ነው። የካውንቲውን ሒሳብ ይዞ ድርሻ የሚያከፋፍለው ጄምስ ዋትሰን በጃንዋሪ 1871 በበረዶ ጋሪ አደጋ ሞተ። ቦታው ሲከፈት መዝገቡ ወደ ሌላ እጅ ገባ። የቀድሞው ሸሪፍ ጄምስ ኦብራየን ከከተማው የጠየቀውን ገንዘብ ስለከለከሉት የሒሳቡን ግልባጭ ለታይምስ ሰጠ። ሲሰርቁ ሳይሆን ሲካፈሉ ተጣሉ። ታይምስ በጁላይ 1871 ቁጥሮቹን በተከታታይ አወጣ፤ ጁላይ 29 የወጣውን ልዩ እትም ለጀርመናውያን ስደተኞች በጀርመንኛ ጭምር አተመው። በመሐሉ፣ ጁላይ 12፣ የአየርላንድ ፕሮቴስታንቶች ባደረጉት የኦሬንጅ ሰልፍ በተነሣ ግጭት ከ60 በላይ ሰው ተገድሎ ከተማው በታማኒ ላይ ተቆጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የወረቀትና የባንክ ሥራ ነው። ሴፕቴምበር 4 በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ በተደረገ ስብሰባ ሌብነቱን የሚታገል የዜጎች ኮሚቴ፣ የሰባዎቹ ኮሚቴ፣ ተቋቋመ። ፍርድ ቤት የከተማውን ክፍያ አገደ። የክፍያ ሰነዶች ከሒሳብ ሹሙ ቢሮ ተሰረቁ፤ ሌባ ነን ብለው እንደመፈረም ነው። ኮኖሊ ተጨንቆ ሥልጣኑን ለአንድሩ ግሪን አስረከበ። ጠበቃው ሳሙኤል ቲልደን ደግሞ በብሮድዌይ ባንክ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ቀን ከቀን እያስተያየ ከተቋራጩ ወደ ትዊድ የሄደውን መስመር አወጣ። ትዊድን እስር ቤት ያስገባው ይህ ሠንጠረዥ ነው። ከተማው ያጣው ጠቅላላ ገንዘብ ከ30 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱ ይህን ያህል የሚራራቀው ሰነዱ በመጥፋቱ ጭምር ነው።

የአራዳ ልጅ
እሺ፣ ቁጥሩ ይሁን። ግን 179 ሺህ ዶላር ለወንበር ሲባል የሰማ የወደብ ሠራተኛ በሳምንቱ ይረሳዋል፤ ያን ቦርጭ ግን አይረሳም። ሒሳቡ ዳኛውን አሳመነ፣ ሥዕሉ መራጩን። ለዚህም ነው በኖቬምበር ታማኒ የተሸነፈው።

መዝገብ ቤት
በዚህ እንስማማ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትዊድ ራሱ በዚያው ምርጫ፣ ተይዞ በዋስ ከተለቀቀ በኋላ፣ በገዛ ወረዳው ለሴናተርነት ተመርጧል። ሥዕሉን ከሁሉ አብልጦ ያየው ሕዝብ መረጠው። ታማኒ ለድሆች የሚሰጠው የከሰልና የሥራ ነገር ነው፤ እነዚያ ቤቶች በክረምት ማን እንደደረሰላቸው ያውቃሉ።

ሰላም ጥበቡ
ሥዕሉ ለምን እንደሚሠራ ከመከራከር በፊት ምን እንደሚያደርግ እንይ። ናስት ለእያንዳንዱ ሰው ቋሚ ምልክት ሰጥቶ ሳምንት ከሳምንት አይለውጠውም። ትዊድ ደረቱ ላይ የሚያበራ የአልማዝ ፒን ነበረው፤ እውነተኛ ነው፣ ዋጋውም 15,500 ዶላር ነው ይባላል። ናስት ፒኑን ከተፈጥሮው በላይ አሳድጎ በየሥዕሉ ይደግመዋል። ነብሩም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ትዊድ በወጣትነቱ ይመራው የነበረው የአሜሪከስ 6 ቁጥር የእሳት አደጋ ቡድን ዓርማ ነው። ናስት ዓርማውን ከፓምፑ ላይ አውርዶ ሪፐብሊኳን የምትወክለውን ሴት የሚቦጭቅ አውሬ አደረገው። ትዊድ ከላይ እንደ ሮማ ንጉሥ ተቀምጦ ያያል።

የኦክቶበር 21ኛዋ ትንሽ ሥዕል ለእኔ ከሁሉ ትበልጣለች። ስም የለም፣ ፊትም የለም። ወፍራም ሰውነት፣ እጆቹ ኪስ ውስጥ፣ አንገቱ ላይ የታሰረ የገንዘብ ከረጢት፤ የዶላር ምልክቱ ራሱ ዓይንና አፍንጫ ሆኗል። ፒኑ ግን ደረቱ ላይ አለ። ፒኑን ብታጠፉት ማንኛውም ሀብታም ይሆናል፤ ፒኑ ስላለ ትዊድ ነው። ፊቱን ማጥፋት የቻለው ለወራት ምልክቱን ስላስተማረን ነው። ካርቱን ለመሥራት የምትሞክሩ ከዚህ ተማሩ፦ ለአንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት ምልክት ይበቃል፤ በየጊዜው ከቀያየራችሁት ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ስም መጻፍ ግድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ናስትን ጻድቅ ማድረግ ልክ አይደለም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1871 የወጣው «የአሜሪካው የጋንጀስ ወንዝ» የካቶሊክ ጳጳሳትን አክሊላቸው መንጋጋ የሆነ አዞ አድርጎ ሕፃናትን ሊበሉ ከወንዝ ሲወጡ ያሳያል። አየርላንዳውያንን እንደ ዝንጀሮ ይሥላቸው ነበር። ያ የሌብነት ትችት አይደለም፣ ሃይማኖትና ዘር ነው፤ መስመሩ ደግሞ ያው የተዋበ መስመር ነው። እነዚያ አየርላንዳውያን ከታማኒ ያልወጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሌባውን የሚሰድበው ሰው እነሱንም ይሰድባቸዋል።

አሮጌ ወረቀት
ስለሚሸጡት፦ ገጹ በግምት 28 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የነብሩ ሥዕል ሁለት ገጽ ስለሆነ መሐሉ ላይ እጥፋት አለው። መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡ። ከመጽሔቱ የወጣ ገጽ ጀርባው ባዶ አይሆንም፤ ጽሑፍ፣ ማስታወቂያ ወይም ሌላ ሥዕል አለበት። ቀጥሎ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር መስመሩን እዩ። መስመሩ ድፍን ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነጠብጣብ ከሆነ ሃፍቶን በሚባለው፣ ምስልን በነጠብጣብ በሚያትም ዘዴ የተሠራ የኋላ ቅጂ ነው፤ ሃርፐርስ በ1871 ያን ዘዴ አይጠቀምም ነበር። ቀለም ያለው ከሆነ ቀለሙ በኋላ በእጅ የተጨመረ ነው፤ ሃርፐርስ የወጣው በጥቁርና ነጭ ነው። ሻጮች ሲያቀልሙት ዋጋ ይጨምራሉ፣ ለሚያጠና ሰው ግን ይቀንሳል፤ ቀለሙ የቀራፂውን መስመር ይሸፍናል።

የገዛችሁትን በፕላስተር አትለጥፉት፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳም አትስቀሉት። ለማጥናት ብቻ ከሆነ መግዛትም አያስፈልግም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በትልቅ ጥራት በነፃ አስቀምጧል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የኅትመትና የፎቶግራፍ ንባብ ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ፋኖስ
ስፔን ውስጥ በካርቱን ተያዘ የሚባለውስ?

ቀን ቆጣሪ
መሠረቱ እውነት ነው፣ ቅመሙ በዝቶበታል። ትዊድ በኖቬምበር 1873 በ204 ክስ ጥፋተኛ ተብሎ 12 ዓመት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው አሳጠረለትና በ1875 ወጣ። ወዲያው በ6 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ክስ ተያዘ፤ ዋስትናው 3 ሚሊዮን ስለነበር ሉድሎው ጎዳና እስር ቤት ገባ። ዲሴምበር 4 ቀን 1875 አምልጦ በፍሎሪዳና በኩባ በኩል ስፔን ደረሰ። ቪጎ ወደብ ላይ ሴፕቴምበር 1876 ተያዘ። የስፔን መንግሥት የሚመጣውን ሰው አስቀድሞ ከአሜሪካ መንግሥት ሰምቷል፤ ካርቱኑ ያገለገለው መልኩን ለመለየት ነው። በዚያን ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል ወንጀለኛ የመለዋወጥ ውል አልነበረም። ስፔን በበጎ ፈቃድ አስረከበችው፣ የጦር መርከቧ ፍራንክሊን ኖቬምበር 23 ኒው ዮርክ አደረሰችው። ኤፕሪል 12 ቀን 1878 እዚያው ሉድሎው ጎዳና እስር ቤት ሞተ።

የተያዘበት ሥዕል ጁላይ 1 ቀን 1876 የወጣ ነው፤ ትዊድ የእስረኛ ልብስ ለብሶ ሁለት ትንንሽ ልጆችን አንቆ ይዟል። ልጅ ሰራቂ መስሏቸው ያዙት የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። የሥዕሉ ዒላማ ግን ትዊድ አልነበረም። በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ቲልደን ትናንሽ ሌቦችን እያሳደደ ትልልቆቹን ይተዋል ለማለት የተሣለ ነው።

መዝገብ ቤት
ያ ቲልደን ደግሞ የባንኩን ሒሳብ መስመር በመስመር ያወጣው ሰው ነው። ናስት ሪፐብሊካን ነበር፣ ቲልደን ዴሞክራት።